አልታየም

ሰኞ፣ የካቲት 3

እህቴ «ቀሚስሽን ወገቡ ላይ ላስፋልሽ» ብላ ጠራችኝ። መወፈሬን ያለ ሐሜት የምትነግረኝ በዚህ መንገድ ስለሆነ አልጠረጠርኩም። ስገባ በሩን ዘጋችው። በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አውጥታ መሰኪያዋ ላይ ሰካቻቸው። ከዚያ እጄን ይዛ ከግራ ጡቷ በላይ አደረገችው።

«አንቺ ቀኑን ሙሉ የሰው ሥጋ ስትቆርጪ የምትውዪ ነሽ። ይሄ ምንድነው?»

ጠጣር ነው። በጣቴ ወደ ጎን ገፋሁት፤ አልሄደም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እኔ እንጃ። የሰው ደረት ስለካ ኖርኩ እንጂ የራሴን መቼ ለክቼ አውቃለሁ።»

ተቆጣኋት። እማዬ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታ ስለነበር ቁጣዬ ሁሉ በሹክሹክታ ነበር፤ በሹክሹክታ መቆጣት ደግሞ አይወጣልኝም። ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም፣ ሥራ ሥራ እያልሽ፣ ምናምን። ሰምታኝ ስታበቃ «በይ ቁሚ፣ ወገብሽን ልያዝልሽ» አለችኝ። ቀሚሱንም በእውነት አሰፋችው።

አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም። ይህን ስንቱን ደንግጦ የመጣ ሰው አጽናንቼበታለሁ፤ እውነትም ነው። ለራሴም እየጻፍኩት ነው።

ቀዶ ሐኪሙን ዛሬውኑ ደውዬ ለመንኩት። ሐሙስ ናሙና ይወስድላታል።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ዘመድ አይገባም ሲሉኝ «ናሙና ተቀባይ ነኝ፣ ከላቦራቶሪ» ብዬ ጠርሙሴን ይዤ ገባሁ። ውሸት አይደለም።

አልትራሳውንዱ ተበላሽቷል። ቀዶ ሐኪሙ እብጠቱን በእጁ እየዳሰሰ ነው መርፌውን የሰደደው። መርፌው ውስጡ ክፍት ነው፤ ቁልፉ ሲጫን «ጧ!» ብሎ ቀጭን ሥጋ ቆርጦ ያወጣል። ቦታው ደንዝዞላት ስለነበር አላመማትም። ምላሷ ግን አልደነዘዘም።

«ዶክተር፣ ይሄ ጆንያ መስፊያ ነው እንጂ መርፌ ነው?»

«አይዞሽ እናቴ፣ ሁለት ይቀረናል።»

«ለእኔ ነው ለመርፌ አይዞሽ የሚባለው? እህቴን አይዞሽ በላት፣ ፊቷን እየው።»

ፊቴ ደህና ነበር። ክፍሉ ይሞቅ ስለነበር ነው።

ቀዶ ሐኪሙ ጓንቱን ሲያወልቅ «ጥልቅ ነው፤ ውጤቱ ከዳሰስኩት ጋር ካልተመሳሰለ እንደግመዋለን» አለኝ።

ሦስቱንም ጠርሙሱ ውስጥ ከተትኳቸው። የክር ቁራጭ ያካክላሉ፤ ቢጫ ናቸው። ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያቆየው ፎርማሊን ላይ ተንሳፈፉ። ስብ ይንሳፈፋል፤ ጠጣር እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ይህን የማስተምረው እኔ ነኝ። ግን አየር ይዘው ገብተውም ይሆናል። ጠርሙሱን ነቅነቅ አደረግሁት። መልሰው ወደ ላይ መጡ።

ክዳኑን አጠበቅሁና ወደ ላይ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ነጻ!

ሽማግሌው ስላይዱን፣ ሥጋው የተለጠፈበትን መስታወት፣ አይተው ጨረሱ። ሽማግሌው የምንላቸው ናሙና መርምረው በሽታውን የሚለዩትን ፓቶሎጂስታችንን ነው፤ ፊት ለፊት «ዶክተር»፣ ዞር ሲሉ «ሽማግሌው»፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ውጤቱን ከእጃቸው ተቀበልኩ። «ስብና ጤናማ የጡት ሥጋ። ካንሰር አልታየም» ይላል። ከሥሩ ሁልጊዜ የሚጨምሯት ዐረፍተ ነገር አለች። ተጣጥፋ ነበር፣ አልዘረጋኋትም፤ ምን እንደምትል በቃሌ አውቃለሁ።

ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ደወልኩላት። ድምፄ ከእኔ ቀድሞ ሮጠ።

«የለም! እትዬ፣ የለም!»

 የስፌት መኪናው ይሰማኝ ነበር፤ ቆመ።

«እሰይ» አለች። «እሰይ የኔ ልጅ። በይ አትጩሂ፣ ሰው ይሰማሻል።»

«ደስ አላለሽም እንዴ?»

«አንቺ ደስ ሲልሽ ደስ አለኝ። የሐሙሱን የሐኪም ቀጠሮ ምን ላድርገው?»

«ምን ያደርግልሻል! ልብስሽን ስፊ።»

ዛሬ ፎርማሊኑ ዓይኔን ለበለበው። የአየር ማስወጫው መጠገን አለበት።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ሥራ በሥራ ላይ። ናሙናውን በስሱ የሚቆርጠው የማይክሮቶም ማሽን ምላጩ ደነዘ፣ የቆረጥኩት ሁሉ ተሰነጣጠቀ። ረጅሙ «ዛሬ እጅሽን ምን ነካው?» አለኝ። ረጅሙ ከጎኔ የሚሠራው ባልደረባዬ ነው፤ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። እጄን ምንም አልነካውም አልኩት። ምላጩ ነው።

እሁድ፣ የካቲት 16

እህቴ ቤት ዋልኩ። ምን እንደነካት አላውቅም። የእማዬን መድኃኒቶች በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ የጠዋቱን በነጭ ክር፣ የማታውን በጥቁር ክር አስራቸዋለች። «ነይ ልመጂ» አለችኝ።

«አንቺ እያለሽ እኔ ምን ያስለምደኛል?»

«ሰው ጉንፋንም ይይዘዋል እኮ።»

ከዚያ እማዬን ወገቧን ሳያማት እንዴት ከጎን ወደ ጎን እንደምገለብጣት አሳየችኝ። ሁለት ጊዜ አበላሸሁት። እማዬ «ይቺ ልጅ እንጨት ነው እንዴ የምታገላብጠው?» ብላ አሳቀችን።

አንዲት ደንበኛ ለሐምሌ የሚደርስ ሦስት ቀሚስ ልታዝ መጥታ ነበር። እህቴ «ለሐምሌ እንጃ፣ ከዚያች ከማዶዋ ሰፊ ጋር ተነጋገሪ» ብላ ሸኘቻት። ከማዶዋ ሰፊ ጋር ሰላም ከተባባሉ ዓመታቸው ነው! ስጠይቃት ደክሞኛል አለች። ደግ አደረገች፤ ዕረፍት ያስፈልጋታል። እኔ ግን መንገዱን ሁሉ ስናደድ ገባሁ። ለምን እንደተናደድኩ አላውቅም።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ሽማግሌው በስልክ ሲያወሩ ሰማሁ። ስለ ሌላ ሴት ነው፤ ከሌላ ሐኪም የመጣ ናሙና።

«እጅ ድንጋይ ነው እያለ መስታወቱ ስብ ነው ካለ፣ መርፌው ስቶታል ማለት ነው። ሥጋው አልዋሸም፤ እኛ የተሳሳተ ቦታ ነው የጠየቅነው። ይደገም።»

የያዝኩት ትሪ ላይ ስላይዶች ነበሩ። አልወደቁም። አስቀመጥኳቸው።

ረጅሙ፦ «ምን ሆነሻል?»

«ፎርማሊን ነው።»

«ዛሬ እኮ ገና አልከፈትንም።»

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ጠዋት ማንም ሳይገባ የእህቴን ስላይድ ከመደርደሪያው አወጣሁ። ማይክሮስኮፕ ሥር ያለው ስብ ብቻ ነው፤ ባዶ ባዶ ክፍሎች፣ ጥግ ላይ ትንሽ ጤናማ ሥጋ። እኔ በጣቴ የነካሁት እንደ ባቄላ ፍሬ የጠጠረ ነገር እዚህ ውስጥ የለም። ስብ አይጠጥርም። እህቴ እብጠቷን ይዛ ቤቷ ተቀምጣለች፤ እኛ ከጎኑ ያለውን መርምረን ጨረስን።

ሽማግሌው ሲገቡ ስላይዱን እንደያዝኩ ነበር።

«የእህቴ ነው» አልኳቸው። አያውቁም ነበር፤ አልነገርኳቸውም።

«እና?»

«የለም ብለው ጽፈው ነበር…»

«የለም?» ወረቀቱን አስመጡና ጣታቸውን አስቀመጡበት። «ምን ይላል? አንብቢልኝ።»

«አልታየም።»

«አዎ፣ አልታየም። በመጣልኝ ሥጋ ውስጥ አላየሁም። የለም ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለማን?»

«ለእሷ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ቀጥሎ ያለውንስ?»

አነበብኩላቸው። ከእብጠቱ ጋር ካልተመሳሰለ ምርመራው ይደገም ይላል። ዱሮም በቃሌ የማውቀው ነው።

«የሐኪም ቀጠሮዋ ላይ ሄደች?»

«ቅሪ አልኳት።»

አልጮሁም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ» አሉ። «ዘጠኝ ቀን አገር አያፈርስም፣ ዘጠኝ ወር ግን ያፈርሳል። ሂጂና መልሺያት።»

ያው ቀን፣ ማታ

ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። የምለውን መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስገባ ሁሉም ጠፋኝ። እህቴ የትምህርት ቤት ልብስ አንገትጌ እየሰፋች ነበር። ቀና ሳትል ትሰፋለች፣ ቀና ሳትል ትሰማለች።

«ናሙናው መደገም አለበት» አልኳት።

«ለምን? የለም አላልሽኝም?»

«ወረቀቱ የሚለው አልታየም ነው።»

«ታዲያ ምን ልዩነት አለው?»

እንደ ትልቅ ባለሙያ አስረዳኋት። መርፌው ጠባብ ነው፣ እብጠቱ ጥልቅ ነው፣ ከጎኑ አልፎ ይሆናል፣ ካልነካው አይታይም። ቃላቱን እየመረጥኩ፣ ድምፄን እያለሳለስኩ፣ ልክ ለማላውቀው ሰው እንደማስረዳው። ስጨርስ ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

«አንዴ ደስ ብሎሽ ነበር። ተይው።»

«ደስታዬ ምን ያደርጋል!»

«ለእኔ ያደርጋል። ይሄ አንገትጌ ለነገ ነው። ሌላ ቀን እናወራለን።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት ደረሰብኝ። አንዲት ቃል ብቻ ነው የቀየርኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ሐኪም ላልሆነ ሰው ውጤት በስልክ አይነገርም እያልኩ ስንቱን ወጣት አሳፍሬያለሁ። የገዛ እህቴ ስትሆን ሕጉን ረሳሁት። አልረሳሁትም፣ አወቅሁና ጣልኩት። አልታየም የምትለዋ ቃል ውስጥ በር ተከፍቶ ነበር፤ እኔ ዘግቼ ቆለፍኩት፣ ምክንያቱም ከበሩ ወዲያ ያለውን ማየት አልፈለግሁም።

እሷ ለምን እንቢ አለች? የመጀመሪያውን «የለም» ያመነችኝ ስለመሰለኝ ነው የተቃጠልኩት። በደንብ አስረዳታለሁ። ነገም እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያም። ስለ ትዕግሥት ማንም አያማኝም፣ ስለሌለኝ። ግን ግትርነት አለኝ፤ እሱ ይበቃል።

ዓርብ፣ የካቲት 21

ሄድኩ። «ዛሬ ደግሞ ምን ሰበብ አመጣሽ?» አለች። ከመኪናዋ አጠገብ ተቀምጬ ቁልፍ ተከልኩላት። አንዱን አጣምሜ ስለተከልኩት ፈታችው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ሄድኩ። ሁለት ሴቶች ልብስ ሊለኩ መጥተው ስለነበር ምንም አላልኩ። ሲወጡ «አሁንም አለሽ?» አለች።

«አለሁ።»

«ባል ቢኖርሽ ይፈታሽ ነበር።»

«ስለማውቅ ነው ያላገባሁት።»

ሳቀች። ግን እሺ አላለችም።

ሰኞ፣ የካቲት 24

እሺ አለች።

ዛሬ ባለሙያነቴን ላቦራቶሪ ትቼው ሄድኩ። ስለ መርፌ ጥልቀት አላወራሁም። «ናሙናው ሲንሳፈፍ አይቼ ነበር» አልኳት። «ክዳኑን የከደንኩት እኔ ነኝ። እዚያው ለቀዶ ሐኪሙ መናገር ነበረብኝ። እዚያው ይደግምልሽ ነበር።»

መቀሷን አስቀመጠች። ከመጣሁ ጀምሮ መቀሷን ስታስቀምጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ካየሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈራሁ።»

 እማዬ ከመጋረጃው ወዲያ አሳለች።

«እኔም» አለች እህቴ። «በይ ቀጠሮ አስይዢ። ግን አንቺ እዚያ ካለሽ ነው። ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከእሷ ጋር ነኝ ብለሽ ትገቢያለሽ።»

ሐሙስ፣ የካቲት 27

አልትራሳውንዱ ተጠግኗል። ማያው ላይ እብጠቱ ጥቁር፣ ጠርዙ የተቀዳደደ። መርፌው መሃሉ ሲገባ በዓይናችን አየነው።

እጇን ይዤ ነበር። ጠርሙሱን ረጅሙ ያዘልኝ።

አራት ናሙና። ነጭ። ሁሉም ሰመጡ።

ዓርብ፣ የካቲት 28

ሥጋው ሌሊቱን በአልኮል እየታጠበ ውሃው ወጥቶለታል፤ ጠዋት ሰም ውስጥ ተተከለ። እኔ ልቆርጠው ቢላው ጋ ስቀመጥ ሽማግሌው መጡ።

«ተነሺ።»

«ዶክተር፣ ከእኔ የተሻለ የሚቆርጥ የለም።»

«የለም ነው ወይስ አልታየም?»

ረጅሙ ሳቁን ዋጠ። ተነሣሁ። ረጅሙ ቆረጠው። ከሽንኩርት ልጣጭ የቀጠነውን ሥጋ ሙቅ ውሃ ላይ ሲዘረጋው አንድም እጥፋት አልነበረበትም። እኔ ብቆርጠው ይታጠፍ ነበር። እጄ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከኪሴ አልወጣም።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች አሉ» አለኝ ረጅሙ ስላይዱን እያነሣ። 

ሰኞ፣ መጋቢት 1

ሽማግሌው ባለ ሁለት መመልከቻው ማይክሮስኮፕ ጋ ጠሩኝ። እሳቸው በአንዱ፣ እኔ በሌላው።

መጀመሪያ የሚቀባው ቀለም የሕዋሱን እምብርት ሐምራዊ፣ ዙሪያውን ሮዝ ያደርገዋል። ጤናማ ጡት ሲቀባ ያምራል፤ ቤትና መንገድ የተለየበት ሠፈር ይመስላል። ይህኛው መንገድ የለውም። ሐምራዊው ብቻውን ተጨናንቆ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ ስቡ ውስጥ ገብቶ እየተጋፋ።

«አለ» አሉ።

«አየሁት» አልኩ።

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አስቀመጡ፤ እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። «እንግዲህ ጠላትሽን አየሽው። አሁን ሥራ አለን።»

ቀዶ ሐኪሙ ለእህቴ ሲነግራት ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። በደንብ ነው የነገራት፤ ካንሰር የሚለውን ቃል አልዞረበትም። እኔ ቀድሜ ላለመናገር ምላሴን ነክሼ ያዝኩት። እሷ ግን የምታየው እኔን ነበር።

«አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

ራሷን ነቀነቀች። ስንወጣ ደረጃው ላይ ነገረችኝ፦ «እጄ ያውቀው ነበር። ጨርቅ የሚነካ እጅ ነው፣ ቋጠሮ አይስተውም። አንቺ የለም ብለሽ ስትጮሂ፣ ድምፅሽ ልጅ ሆነሽ የምትጮሂውን መሰለኝ። ይህን ደስታ እኔ ልንጠቃት? ብዬ ዝም አልኩ።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። የመድኃኒቱ ክር፣ የማዶዋ ሰፊ፣ እማዬን ማገላበጥ። እኔ ምን ያህል ደደብ ነኝ!

ዛሬ አለቀስኩ። ፎርማሊን አይደለም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ሁለተኛው ቀለም። ካንሰሩ በሴት ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከሆነ እምብርቱ ቡናማ ይሆናል። ቡናማ ከሆነ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ይሠራለታል። ካልሆነ ያ መንገድ ዝግ ነው። ሽማግሌው ዛሬ እንድሠራ ፈቀዱልኝ፣ ረጅሙ ከጎኔ ቆሞ እስካየ ድረስ።

ከሰዓት ወጣ። ቡናማ የለም። ንጹሕ ሰማያዊ።

  ከዚያ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ የስላይዱን ጫፍ አየነው። እዚያ ሁልጊዜ ቡናማ እንደሚሆን የምናውቀው የሌላ ሰው ሥጋ ተለጥፏል፤ ቀለሙ መሥራቱን የሚመሰክር እሱ ነው። እሱም ሰማያዊ ነው።

«ምስክሩም ዝም ብሏል» አለ ረጅሙ።

ቀለሙ ነው ያልሠራው። ጠርሙሱን አነሣን፤ ከፍሪጅ ውጭ ያደረ ነው። ይህን ስላይድ ይዤ ብሄድ ኖሮ እህቴ የሚያድናትን መድኃኒት እንከለክላት ነበር። ወደ ሽማግሌው ሄጄ «ውጤት የለንም፣ እንደግማለን» አልኳቸው። ስለ ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

«ይደገም» አሉ፣ ፈገግ እያሉ።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ቡናማ! ምስክሩም ቡናማ፣ የእሷም ቡናማ፣ ድምቅ ብሎ!

ደውዬ አልጮህኩም። ውጤቱ በሽማግሌው ተፈርሞ፣ ለቀዶ ሐኪሙ ደርሶ፣ እሱ ደውሎ ነገራት። ከዚያ እሷ ደወለችልኝ።

«ቡናማ ሆነልሽ አሉኝ። ከነጭ ጋር ይሄዳል?»

«ከክኒን ጋር ይሄዳል።»

«ቀዶ ጥገናው አይቀርም አለኝ።»

«አይቀርም። ከዚያም ሌላ ሕክምና ሊኖር ይችላል፤ ገና ነው።»

«አንቺ ግን ሰው አጽናኚ አይደለሽም።»

«አይደለሁም። ግን የምነግርሽ እንደዚያ ነው።»

«እንደዚያ ንገሪኝ» አለች።

እሁድ፣ መጋቢት 7

ለእማዬ ምን እንበላት ብለን ወጥ ቤቱ ውስጥ ስንመካከር ዋልን። እህቴ «ለጥቂት ቀን ለሥራ ወጣ እላለሁ ልበላት» አለች። እኔ «ሐሞት ጠጠር ነው እንበላት» አልኩ። በመጨረሻ ሐሞት ጠጠር ላይ ተስማማንና ገባን።

እማዬ አስጨርሳን አታውቅም፣ ዛሬም አላስጨረሰችንም።

«ሁለታችሁም ከልጅነታችሁ ጀምሮ ውሸት አትችሉም» አለች። «የደከመው እግሬ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። መጋረጃ ግድግዳ መሰላችሁ? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አለቻት እህቴ።

«የራሳችሁን ሹክሹክታ ስትጨርሱ ትነግሩኛላችሁ ብዬ። ጨርሳችኋል?»

እህቴ እማዬ እግር ሥር ቁጭ ብላ ጉልበቷ ላይ ተደፋች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። እማዬ ፀጉሯን እያሻሸች እኔን አየችኝና «አንቺ እንጨቷ፣ ነይ አገላብጪኝ እስቲ፣ ተምረሽ ከሆነ» አለችኝ።

አገላበጥኳት። አላማትም። ወይም አመማትና ዋጠችው፤ የዚህ ቤት ሰው ሁሉ ዋጭ ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ቀኑ ተቆረጠ፣ ሐሙስ። ከሥራ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ጠየቅሁ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ፊቱን አጨማደደ፤ ረጅሙ «የእሷን እኔ እሠራለሁ» አለው። ጎረቤቶች በተራ ከእማዬ ጋር ሊያድሩ ተስማሙ። የማዶዋ ሰፊ ሳትጠየቅ መጥታ የተቀሩትን ልብሶች ወሰደች። «ሲሻልሽ እንጣላለን» አለቻት፤ እህቴ ስቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳመቻት።

የኔ ፋንታ መሥራት ነው። መድኃኒቱን፣ ቀጠሮውን፣ እማዬን። ፍርሃት ካለም ከሥራው ጋር ይመጣል እንጂ ሥራውን አያስቀረውም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ነገ ነው። እህቴ ሆስፒታል ተኝታለች፤ አልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ ሆኜ እጽፋለሁ።

ቀኑን ሙሉ ስትቀልድ ዋለች። የሆስፒታሉን ጋውን «ማነው እንዲህ አድርጎ የሰፋው፣ እጁ ይሰበር» እያለች የጎኑን ስፌት ለነርሷ አሳየቻት። ነርሷ ስትወጣ ግን ድምጿ ወረደ።

«ካልነቃሁስ?»

«ትነቂያለሽ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የማላውቀውን ለምን እላለሁ? ሁለተኛ አልልም።

«እኔ በር ላይ ነኝ» አልኳት። «ስትነቂ የምታዪው ፊት የኔ ነው። ይህን አውቃለሁ።»

አሰበችበት። «ፊትሽን ግን ታጠቢ» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጫማዬን አውልቄ ከኋላዋ ተጋደምኩ፤ አልጋው ለአንድ ሰው እንኳ ይጠባል። ልጆች ሳለን እኔ መብረቅ ስፈራ እሷ ነበረች እንዲህ የምታደርገኝ። ነርሷ መጥታ አየችንና ምንም ሳትል መብራቱን ቀነሰችልን።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ጠዋት ወሰዷት። በር ላይ ቆየሁ። መቀመጫ ነበር፤ አልተቀመጥኩም።

ቀዶ ሐኪሙ ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። እብጠቱን ከነዙሪያው አውጥቶታል፤ የብብቷን ዕጢዎችም ወስዷል። የወጣው ሁሉ ወደ ላይ ወደ ላቦራቶሪ ሄዷል። ጠርዙ ንጹሕ መሆኑን፣ ካንሰሩ ዕጢዎቹ ውስጥ መግባት አለመግባቱን የሚያውቁት ሽማግሌው ናቸው፤ እሱም በሚመጣው ሳምንት። «እስኪያዩት ድረስ ምንም አልልሽም» አለኝ ቀዶ ሐኪሙ። «እኔም አልጠይቅህም» አልኩት።

ከሰዓት አስገቡኝ። ትንሽ ሆናለች፣ ከንፈሯ ደርቋል። ትልቅ እህቴ፣ እኔን ያዘለችኝ፣ ደብተሬን የሸፈነችልኝ፣ አባታችን ሲሞት እኔን አቅፋ እሷ ያላለቀሰችው። ዓይኗን ትከፍታለች፣ መልሳ ትከድናለች። በመጨረሻ ከፈተችና አተኩራ አየችኝ። ማደንዘዣው ገና አለቀቃትም።

«እማዬ» አለችኝ።

አላረምኳትም። እጇን ይዤ ጎንበስ አልኩላት።

«ወዬ» አልኳት። «ወዬ ልጄ፣ እዚሁ ነኝ።»